ለተኛ ሰው የሚነገር

ፍቅርአዲስ ያልገባት ነገር ካለ እህል አይዋጥላትም። ልጅ ሳለች የጎረቤት ዶሮ እንቁላሏን ለምን ሰው አጥር ሥር እንደምትጥል ለማወቅ ግማሽ ቀን በሆዷ ተኝታ የዋለች ናት እያሉ እስከ ዛሬ ያነሱባታል። አድጋ ነርስ ሆነች፣ አገባች፣ ወለደች፤ ጠባይዋ ግን ፈቀቅ አላለም። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ስለ ቀዶ ሕክምና ደህንነት የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ መጠይቅ ይዘው መጥተው «ይህንን በአማርኛ የሚያስማማልን ሰው እንፈልጋለን» ሲሉ፣ ከማርቆስ መናኸሪያ ከፍ ብላ ያለችዋ ትንሽ ሆስፒታል ሠራተኛ ሁሉ እጁን ወደ እሷ የጠቆመው ለዚህ ነው። ግማሹ ችሎታዋን አውቆ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሥራው እሱ ላይ እንዳይወድቅ ፈርቶ።

መጠይቁ ለታማሚ አይደለም፤ ለአካሚዎቹ ነው። ቀዶ ለሚያደርጉት፣ ለሚያደነዝዙት፣ ዕቃ ለሚያቀብሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበብላቸውና ከ«በጭራሽ አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ካሉት መልሶች አንዱን ይመርጣሉ። ቃሉን ወደ አማርኛ ማዞሩ ብዙም አላስቸገራት። የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ለባልደረቦቿ እያነበበች «ምን ገባህ? ምን ገባሽ? እስቲ በራስሽ አነጋገር ንገሪኝ» ማለት ነበረባት። ሰዎቹ ይህ የሥራው ዋና ክፍል ነው ሲሏት ፍቅርአዲስ ከት ብላ ሳቀች። ዕድሜ ልኳን «አንቺ ደግሞ ሰው ትነዘንዣለሽ» እየተባለች የተሰደበችበት ነገር ለካ ስም ያለው ሙያ ኖሯል።

ሰባተኛዋ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ሳቋ ቀረ። ጥያቄዋ «በቀዶ ሕክምና ላይ ታማሚውን የሚጎዳ ነገር ካየሁ፣ ከእኔ በላይ ላለ ሰውም ቢሆን እናገራለሁ» ትላለች።

«በጣም እስማማለሁ» አለች ያለምወርቅ። ያለምወርቅ ዕቃ አቀባይ ነርስ ናት፤ በቀዶ ክፍሉ ከሁሉም የቆየች፣ በየጠዋቱ ከአማኑኤል ከተማ በሚኒባስ እየመጣች ከማርቆስ ሰው ቀድማ የምትደርስ፣ አፏ ለጨዋታ እጇ ለሥራ የማይሰንፍ።

«በጣም እስማማለሁ» አለ ሰመመን ሰጪው ሙሉቀን። ከእሱ በኋላ የተጠየቁትም አንድ አፍ ሆነው በጣም ተስማሙ።

ፍቅርአዲስ መልሶቹን ደርድራ አየቻቸውና ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሠልጣኝ ነርሶችን ወደ ማስተማር ከመዛወሯ በፊት በዚያ ክፍል ዓመታት ሠርታለች። አንድም ሰው ለዶክተር ይርዳው «ተሳስተዋል» ሲል ሰምታ አታውቅም። ዶክተር ይርዳው የክፍሉ አንጋፋ ሐኪም ናቸው፤ የግማሽ አገሩን ሆድ ከፍተው የዘጉ፣ በገበያ ሲያልፉ ሻጩም ገዢውም ብድግ የሚልላቸው። ታዲያ ማን ነው ለእሳቸው የሚናገረው? ባልደረቦቿ ዋሹ እንዳትል ያለምወርቅን ታውቃታለች። ሙሉቀን ደግሞ ሊዋሽ ሲል ጆሮው ይቀላል፤ ያን ዕለት ጆሮው ምንም አልሆነም።

«እትዬ ያለም፣ መቼ ነው የተናገርሽው?» አለቻት ለብቻዋ ስታገኛት።

«ምን ጊዜም።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል? ለዶክተር ነዋ!»

«ምን ብለሽ?»

«ኧረ በእመብርሃን! ተናገርኩ አልኩሽ እኮ። ጻፊውና ወደሚቀጥለው እለፊ።»

ፍቅርአዲስ ጻፈችው፤ ግን አላለፈችም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ፣ ጭምብሏን አጥልቃ፣ መጠይቋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከቀዶ ክፍሉ ጥግ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የተኙት ከዲማ የመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ የሐሞት ጠጠር አሠቃይቷቸው። ሥራው ያለ ችግር ሄደ። ጠጠሩ ወጣ። ዶክተር ይርዳው ሊሰፉ ክር ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ ያለምወርቅ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ጎዞች፣ ደም የሚመጥጡትን ነጫጭ ጨርቆች ማለት ነው፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ክሩን ሳታቀብል በሰመመን ድብን ብለው ወደተኙት መሪጌታ ጎንበስ አለች።

«መሪጌታ፣ አይቸኩሉ እንግዲህ» አለቻቸው፣ እንደ ነቃ ሰው። «አንዲት እንግዳችን እርስዎ ዘንድ ገብታ የቀረች መሰለኝ። ሳይሸኟት በሩን አይዝጉባት።»

የዶክተር ይርዳው እጅ ባለበት ቆመ። ቀና ብለው ማንንም አላዩም፤ ምንም አላሉም። መልሰው እጃቸውን አስገቡና ከጉበቱ ሥር በደም የራሰች ጎዝ ይዘው ወጡ።

«መሪጌታ እንግዳ ይወዳሉ» አሉ ጎዟን ሳህኑ ላይ እየጣሏት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያለምወርቅ ክሩን አቀበለች፤ ስፌቱ ቀጠለ።

ፍቅርአዲስ በጭምብሏ ውስጥ አፏን ከፍታ ቀረች። ያለምወርቅ ለካ አልዋሸችም! ተናግራለች፤ ዶክተርም ሰምተዋል፤ ለዶክተር ግን ማንም ምንም አላለም። ያን ጊዜ ነው የአማቷ ጥጃ ትዝ ያለቻት።

አማቷ እማማ የዓለምዘርፍ የሚኖሩት ሮብ ገበያ በሚባል ቦታ ነው። ፍቅርአዲስ በሙሽርነቷ እዚያ ቤት ስትገባ ምራት ለአማቷ ፊት ለፊት «ይህ ልክ አይደለም» እንደማትል የነገራት አልነበረም፤ መንገር የሚያስፈልገው ነገርም አልነበረም። እማማ ወገባቸውን እያመማቸው ጆንያ ሊያነሱ ሲሉ ካየች፣ በር ላይ ወደታሰረችው ጥጃ ትሄድና «አንቺ ጥጃ፣ እማማ ወገባቸውን እየጎዱ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» ትላለች። እማማም ጆንያውን ያስቀምጡታል። ጥጃዎች ላም ሆኑ፣ ሌሎች ጥጃዎች ተተኩ፤ የቤቱ ነገር ሁሉ በእነሱ በኩል ተነገረ። ስለዚህ ፍቅርአዲስን ሰው «ለአማትሽ ትናገሪያለሽ ወይ?» ብሎ ቢጠይቃት እሷም ዐይኗን ሳታሽ «በጣም እስማማለሁ» ባለች ነበር።

ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ለዩኒቨርሲቲው ሰዎች ደወለችና «በእኛ ቤት የተኛው ታማሚ ጥጃ ነው!» አለቻቸው። እስኪገባቸው ድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ሲገባቸውም «በጣም ደስ የሚል ግኝት ነው፤ ጥያቄዋ ግን ከሠራች እንዳለች ትቆይ» አሉ። በእርግጥም ትሠራ ነበር። ዶክተር ይርዳው እስካሉ ድረስ።

ወር ሳይሞላ ዶክተር ይርዳው ዐይናቸውን ሊታከሙ ወደ ባሕር ዳር ሄዱና በእሳቸው ቦታ ዶክተር ሄለን መጣች። ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ወጣት ናት፤ ሥራዋን የምትወድ፣ እጇ ቀልጣፋ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር እጅ ነስታ ሰላምታ የምትሰጥ። ሰው ቶሎ ወደዳት።

በዚያው ሰሞን የእማማ የዓለምዘርፍ እንቅርት ባሰበት። ለዓመታት አንገታቸው ላይ ተሸክመውት ኖረዋል። አሁን ግን ሲተኙ ትንፋሽ እየከለከላቸው ቁጭ ብለው ማደር ጀመሩ። ልጃቸው ደመላሽ፣ የፍቅርአዲስ ባል፣ «እንታከም» እያለ የለመናቸውን ልመና ድንጋይ ቢለምኑበት በተነሣ። አንድ ቅዳሜ ልጅና ምራት ሊጠይቋቸው በሄዱበት እማማ ከደጃፍ ተቀምጠው ጥጃቸውን እያሻሹ «እንግዲህ ጥጃዬ» አሏት፣ «ምራቴ ያለችበት ቤት ከሆነ እገባለሁ። እሷ ባለችበት ክፉ አያገኘኝም።»

ፍቅርአዲስ ሰማች፤ ልቧ ሞላ። የመጠይቁ መጨረሻ ላይ «ከቤተሰቤ አንድ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት አልሰጋም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እሷም እንደ ሌላው ሞልታው ነበር፤ በጣም እስማማለሁ ብላ፣ ለአፍታ እንኳ ሳታመነታ።

የእማማ ተራ ነገ ሊደርስ ዛሬ ፍቅርአዲስ መጠይቋን ይዛ ዶክተር ሄለን ቢሮ ገባች። ለሐኪሞቹ ሰባተኛዋ ጥያቄ ትገለበጣለች፦ «ባልደረቦቼ ታማሚውን የሚጎዳ ነገር ሲያዩ ይነግሩኛል።»

ዶክተር ሄለን እስክሪብቶዋን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበች። «እንጃ፣ ሲስተር። ከመጣሁ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ችግር ስለሌለ ይሆናላ» አለችና ፈገግ አለች። «ግን አንድ ነገር ልንገርዎት? እዚህ ቤት በጣም የወደድኩት ነገር አለ።»

«ምን?»

«የተኛ ሰው ማናገራችሁ። ሲስተር ያለምም፣ ሙሉቀንም። ‹አባቴ፣ ደምዎ ወረደብኝ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ› ይለዋል ሙሉቀን። በሰመመን ያለ ሰው እኮ አይሰማም! ቢሆንም ልቤን ነው የሚነኩኝ። እንዲህ ዓይነት ርኅራኄ የትም አላየሁም። እኔ ዝም ብዬ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ጨዋታቸውን አላቋርጥባቸውም።»

ፍቅርአዲስ እጇ ላይ ያለው ወረቀት ከበዳት። ክፍሉ ሁሉ ይናገራል፤ የሚሰማ የለም። ነገ ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚተኙት እማማ ናቸው፣ እሷን አምነው።

አሁን ንገሪያት፣ አለች በሆዷ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ምናልባት ዶክተር፣ አንዳንድ ቤት ለተኛ ሰው ሲነገር የነቃውም ይሰማው ይሆናል» የሚል ሆነ።

«እንዴት ያምራል!» አለች ዶክተር ሄለን። «ይህችን መጠይቁ ላይ ይጨምሯት።»

ፍቅርአዲስ ኮሪደር ላይ ወጥታ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ስለ አሽሙር በአሽሙር መናገር! ባያናድድ ኖሮ ባሳቀ። በንዴቷ ቀጥ ብላ ያለምወርቅ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ ያለም፣ ዶክተር ሄለን አትሰማሽም።»

«ጆሮ የላትም እንዴ? ጮክ ብዬ እኮ ነው የምናገረው።»

«ለታማሚው የምትነግሪው እየመሰላት ነው።»

ያለምወርቅ ሳቀች። «ሂጂ እዚያ! ይህን የማያውቅ ሰው አለ?» ከዚያ ሳቋን ተወችና «ደግሞስ ምን ላድርግ? ትናንት የመጣች የሰው ልጅ፣ በሰው ፊት ‹ተሳሳትሽ› ብዬ ላሸማቅቃት? ምን አሳዳጊ የበደለኝ ብሆን ነው?» አለች።

ፍቅርአዲስ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩን ፍርሃት ነው ብላ ነበር የያዘችው። ያለምወርቅ ፊት ላይ ያየችው ግን ፍርሃት አልነበረም። ለሰው ማዘን ነበር፤ የዋህ፣ ጥሩ አስተዳደግ የሰጣት ማዘን። ይህ ደግሞ ከፍርሃት ይልቅ አስደነገጣት፤ ፈሪን ማደፋፈር ይቻላል፣ ደግን ሰው ግን ምን ብለው ይመክሩታል?

ጠዋት ዶክተር ሄለን እጇን ስትታጠብ ፍቅርአዲስ አጠገቧ ሄዳ ቆመች። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ስታሰናዳ አድራለች።

«ዶክተር» አለች።

«አቤት፣ ሲስተር?»

«…በርቱ።»

«አመሰግናለሁ» አለች ዶክተር ሄለን። «ውስጥ ሊቀመጡ ነው? አማትዎ አይደሉም እንዴ? ይከብድዎታል።»

«መጠይቁ አላለቀልኝም» አለች ፍቅርአዲስ፤ ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

እማማ የዓለምዘርፍ ጠረጴዛው ላይ ጋደም ብለው መብራቱን፣ ማሽኑን፣ ጭምብል ያጠለቁትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ። ጥግ ያለችውን ምራታቸውን ግን አላዩም፤ ወይም እንዳላየ ሰው ሆኑ። ወደ ሙሉቀን ዞረው «ልጄ፣ ምራቴ እዚህ ናት አይደል?» አሉት።

«እዚሁ ናት እማማ።»

«እንግዲያውስ አስተኛኝ።»

የዶክተር ሄለን እጅ ለማየት ያስደስት ነበር። በዚያ ሁሉ የደም ሥር መካከል ስትሠራ አንዴ እንኳ አልተጣደፈችም። ድንች የሚያህለው እንቅርት ወጥቶ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ፍቅርአዲስ ባልዋን ለመጥራት እስክትወጣ ቸኮለች። ያን ጊዜ የያለምወርቅ ከንፈር ሲነቃነቅ አየች።

ያለምወርቅ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ወለሉን አየች፣ የተጣለውን አየች፣ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ወደ እማማ ጎንበስ አለች።

«እማማ የዓለምዘርፍ፣ እንግዳ ሳይሸኙማ በር አይዘጋም። ያቺ ነጭ የለበሰች እንግዳችን እርስዎ ዘንድ ያለች መሰለኝ።»

ከጭምብሉ በላይ የዶክተር ሄለን ዐይኖች ፈገግ አሉ። «ክር» አለች።

ያለምወርቅ ክሩን አነሳች፤ ግን አልሰጠችም። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እማማ! ምነው ዝም አሉኝ? እንግዳ አለችብዎት እኮ ነው የምልዎት!»

«እማማ፣ እትዬ ያለምን ይስሟት እንጂ» አለ ሙሉቀን ከራስጌ በኩል። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«እንዴት ደስ ትላላችሁ» አለች ዶክተር ሄለን፤ እጇን ዘርግታ ሌላ ክር ራሷ ከጠረጴዛው አነሳች።

ፍቅርአዲስ ከበርጩማው ተነሣች። ሁሉም የተኙትን ሴትዮ ያያሉ፤ ሁሉም ለእሳቸው ይናገራሉ፤ መርፌው ደግሞ ወደ ቆዳው እየቀረበ ነው። የእሷም ዐይን በልማዱ ሄዶ የእማማ ፊት ላይ አረፈ። «እማማ…» የሚለው ቃል ከአፏ ወጣ። ሌላው ቃል ተከትሎት ሊወጣ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ለእማማ፣ ለተዘጉት ዐይኖች፣ ምንም ለማይሰሙት ጆሮዎች።

ዋጠችው። ዐይኗን እንደ ከባድ ሸክም ከእማማ ፊት ላይ አነሣችና ዶክተር ሄለን ላይ አሳረፈችው።

«ዶክተር ሄለን፣ ይቁሙ። ለእርስዎ ነው የሚነግሩዎት። አንድ ጎዝ ጎድሏል፤ አንገታቸው ውስጥ ቀርቷል።»

ዶክተር ሄለን መርፌዋን አየር ላይ እንደያዘች ወደ ያለምወርቅ ዞረች።

«ሲስተር ያለም? እውነት ነው?»

ያለምወርቅ አንገቷን ደፋች። «ለእማማ ስነግራቸው ነበር እኮ» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

ጎዟ የተገኘችው ከአንገታቸው ጎን፣ ጥልቅ ካለው ቦታ ነው። ዶክተር ሄለን ሳህኑ ላይ ጣለቻት፤ በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ስፌቱን ራሷ እስከ መጨረሻው ሰፋች፣ ክሩን ቆረጠች፣ ከዚያ ሄዳ የፍቅርአዲስ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ሙሉቀን» አለች። «ባለፈው ለዚያ ለአባባ ‹ደምዎ ወረደብኝ› ስትላቸው…?»

የሙሉቀን ጆሮ ቀላ። «ለእርስዎ ነበር ዶክተር። ኋላ እኔው ፈሳሽ ጨመርኩላቸውና ግፊታቸው ተመለሰ።»

«ከእሳቸው በፊት ለነበረችዋስ?»

«እሱም ለእርስዎ።»

ዶክተር ሄለን ጭምብሏን አወረደች። ፊቷ ገርጥቷል። «እኔ እኮ ‹እንዴት ደግ ሰዎች ናቸው› እያልኩ…»

«ደጎችማ ነን» አለች ያለምወርቅ፣ እንደ ተከፋች።

ያን ቀን ያለምወርቅ ፍቅርአዲስን አላናገረቻትም። ሚኒባስ ተራ ድረስ አብረው የሚሄዱት መንገድ ላይም ቀድማት ሄደች። ፍቅርአዲስ ከፋት፤ ግን እግዜር ያውቃል አልጸጸታትም። ቤቷ ገብታ ሰባተኛዋን ጥያቄ ሰረዘቻትና እንደገና ጻፈቻት፦ «በቀዶ ሕክምና ላይ ታማሚውን የሚጎዳ ነገር ካየሁ፣ ለሚመለከተው ሰው ስሙን ጠርቼ፣ ዐይኑን እያየሁ እናገራለሁ።»

ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ያለምወርቅ ፊት አስቀመጠችላት። «ምን ገባሽ?» አላለቻትም። ያለምወርቅ አንዴ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ «አልስማማም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

«እውነቱ ይኸው ነው» አለች። «ወር ሰጥተሽ መልሰሽ ጠይቂኝ።» ወረቀቱን መለሰችላትና ቀና ብላ አየቻት። «ደግሞ ፍቅርአዲስ፣ ተቀይሜሻለሁ። ዐይንሽን እያየሁ ነው የምነግርሽ።»

«እሺ እትዬ ያለም» አለች ፍቅርአዲስ። ደስ ይበላት ወይ ታልቅስ አላወቀችም።

እማማ የዓለምዘርፍ የተኙበት ክፍል ስትገባ ደመላሽ የእናቱን ጋቢ ይዞ ቆሟል፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ። እማማ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ጉሉኮሱ እጃቸው ላይ እንደ ተሰካ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በእግራቸው ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ድምፃቸው ሰልሏል። «ጥጃዬ ማን አላት?» ይላሉ። «ቤቴ ልሂድ።»

ዶክተር ሄለን ስፌቱ እስኪያዝና ድምፃቸው እስኪመለስ እዚሁ ማርቆስ ይቆዩ ብላለች። ደመላሽ ይህን ነግሯቸው አልሰሙትም። ፍቅርአዲስ ወደ ጉሉኮሱ መስቀያ ሄደች፣ ያልተጣመመውን ላስቲክ እንዳቃናች ሆነች።

«አንተ ጉሉኮስ» አለችው፣ «ስፌታቸው ሳይደርቅ ሮብ ገበያ ድረስ በዚያ መንገድ የሚንገላቱ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

እማማ ጫማቸውን መፈለግ አቆሙ። ልጃቸውን በእጃቸው «ውጣ» አሉት። ሲወጣ ምራታቸውን ጠሯትና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ያቺ ሐኪም ማለዳ መጥታ ነበር» አሉ፣ ቃሉ አንድ በአንድ እየወጣላቸው። «ምን እንደተረሳብኝ ነገረችኝ። ማን እንደተናገረም ነገረችኝ።»

ፍቅርአዲስ መሬት መሬት አየች።

«መጀመሪያ እኔን ጠርተሽ ነበር አሉ። ‹እማማ› ብለሽ።»

«አዎ።»

«ተኝቼ ነበራ፣ ልጄ። አልሰማሁሽም።» ትንፋሽ ወሰዱ። ጉሉኮስ ባልተሰካበት እጃቸው አገጯን ያዙና ፊቷን ወደ ራሳቸው አዞሩት። «አሁን ግን ነቅቻለሁ። ጉሉኮሱን ተይውና ለእኔ ንገሪኝ።»

ፍቅርአዲስ ከተዳረች ጀምሮ እነዚያን ዐይኖች ቀጥ ብላ አይታቸው አታውቅም ነበር። ቡናማ ናቸው፤ በግራው ውስጥ ትንሽ ነጥብ አለ።

«እማማ፣ አይሄዱም» አለች። «እኔ ቤት ነው የሚቆዩት። ትናንት… ትናንት በጣም ፈርቼ ነበር።»

«እኔም» አሉ እማማ፣ እጃቸውን ከአገጯ ሳያወርዱ። «ለማን እንደምናገረው ግን አላወቅሁም።»